ስለ አንዲት ትንሽ መኪናና ስለ ዝምታ ዋጋ

ለመሆኑ አንድ ሰው የሚሸጠውን ዕቃ ነውር እያወቀ፣ ገዢው ስላልጠየቀው ብቻ ዝም ቢል፣ አታለለ ይባላል ወይስ ነገደ? ጥያቄው በክፍል ውስጥ ሲነሣ ቀላል ይመስላል። ሁላችንም እጃችንን አውጥተን «አታለለ!» እንላለን። ነገር ግን ዕቃው የገዛ ራሳችን ሲሆን፣ ገንዘቡም ለእናታችን የሚገባ ሲሆን፣ እጃችን ቶሎ አይወጣም። ይህን የምንጽፈው ሁለት ወንድማማቾች ነን፤ አንዳችን ኢኮኖሚክስ፣ አንዳችን ሕግ እንማራለን፤ ቤታችን ደብረ ማርቆስ ነው። የምንጽፈውም እጃችን ስላልወጣበት ቀን ነው።

አባታችን ዕድሜ ልካቸውን በምሥራቅ ጎጃም ገጠር ሲያስተምሩ የኖሩ መምህር ነበሩ። የጭቃን ነገር እንደሳቸው የሚያውቅ አልነበረም። ከጮቄ ተራራ ሥር ያሉ መንደሮች በክረምት እንዴት ከመንገድ እንደሚቆረጡ፣ ወላድ በቃሬዛ ስንት ሰዓት እንደምትጓዝ በዓይናቸው አይተዋል። ስለዚህ ጡረታ ሲወጡ፣ ያጠራቀሙትን ገንዘብና የባሕር ዛፍ ሽያጩን አንድ ላይ አድርገው፣ በ2012 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ አንዲት ትንሽ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና ገዙ። የፋብሪካዋን ስም አንጠራም፤ ያረጀች መኪና ናትና ጥፋቱ የፋብሪካው አይደለም። ከእኛ በፊት በስንት ሰው እጅ እንዳለፈች የሚያውቀው ሊብሬው ብቻ ነው።

ስትታይ ታምር ነበር። ሞተሯ ታጥቦ ያብረቀርቃል። ሻጩም ትሑት ሰው ነበር፤ ሻይ ጋብዞ፣ መርቆ ነው የሸኛቸው። አባታችን በከተማው አስፋልት ላይ ነድተው አዩዋት፤ ምንም እንከን አላገኙባትም። ከዚያ ወደ ቤት ጉዞ ተጀመረ። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ነገር ግን የዚህ መንገድ ፈተናው ርዝመቱ ሳይሆን ዓባይ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁለትና ዳገት አለ። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ የተከፈተውን ድልድይ ከተሻገሩ በኋላ፣ እስከ ደጀን ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት ግድ ነው። አባታችን ዳገቱን ሳያጋምሱ መኪናዋ ፈላች። እንፋሎቱ ከኮፈኑ ሥር ወጣ። ያን ሌሊት እዚያው አደሩ። «ከዝንጀሮ ጋር አደርን» እያሉ ይስቁ ነበር በኋላ፤ ያን ዕለት ግን እንዳልሳቁ እናውቃለን።

ደብረ ማርቆስ ያለው መካኒክ የዘይቱን መለኪያ መዝዞ አሳያቸው። ዘይቱ ከውኃ ጋር ተደባልቆ ማኪያቶ መስሏል። ሞተሩ ሲፈታ ቴስታታው ስንጥቅ ሆኖ ተገኘ፤ ስንጥቁ ደግሞ ከዚያ በፊት ተበይዶ የነበረ ነው። እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው። ሰው ሳያውቅ አይበየድም። ያ ሻይ የጋበዘ ሰው፣ አባታችን ወደ ዓባይ እንደሚወርዱ እየነገሩት፣ ያውቅ ነበር።

የዚህ ሕመም ተንኮሉ መደበቁ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። በጠዋት ተነሥቶ ገበያ ደርሶ ለሚመለስ ሰው ስንጥቁ ምንም አይለውም። ረጅም ዳገት ሲመጣና ሞተሩ ሲግል ግን ብረቱ ይለጠጣል፣ ስንጥቁ ይከፈታል፣ ውኃው ወደ ዘይት ይገባል። በመኪናም በሰውም እንዲህ ያለ ነውር አለ፤ ሜዳ ላይ አይታይም።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ለመተረክ ወረቀት አይበቃም። ቴስታታው ሦስት ጊዜ ወርዶ ወጣ። ጓርኒሲዮኑ ተለወጠ፣ ራዲያተሩ ተለወጠ፣ ፍሪሲዮኑ ተቃጠለ። አባታችን ወጪውን በደብተር ይጽፉ ነበር፤ ደብተሩ የመኪናዋን ዋጋ ሢሶ ሲያልፍ መጻፉን ተዉ። «በቅሎ ግዙ ግዙ፣ አንድ አሞሌ ላያግዙ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ያን ጊዜ ገባን። «መምህር፣ መኪና ይግዙ እንጂ!» እያሉ ሲጎተጉቱ የነበሩት ጎረቤቶች ለሠርግም ለልቅሶም ይጠሯቸው ነበር፤ ጋራዥ ድረስ ግን የሸኛቸው የለም። እውነቱን ለመናገር ግን መኪናዋ ውለታም ነበራት። በጭቃው ላይ ማንም የማይደፍረውን መንገድ ደፍራ፣ ምጥ የያዛቸውን ሴቶች ከአንዴም ሁለቴ ጤና ጣቢያ አድርሳለች። አባታችንም ስለዚህ ይወዷት ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሲያርፉ መኪናዋ ግቢያችን ውስጥ ቆማ ቀረች።

በሌላ አገር ቢሆን እንዲህ ያለች መኪና ለብረት ተሸጣ ነገሩ ያልቅ ነበር። በአገራችን ግን መኪና አይሞትም፤ ባለቤት ይለውጣል እንጂ። ምክንያቱም የታወቀ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ከ57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የመለዋወጫው ዋጋም አብሮ ወጣ። ስለዚህ ጥገናው አይቻልም፤ የአሮጌ መኪና ዋጋ ግን ይሰቀላል። ባለቤቷን የምታስለቅስ መኪና ለደላላው ሠርጉ ናት።

በጥር 2017 ዓ.ም. መኪናዋን ልንሸጥ ቆረጥን። የእናታችን መተዳደሪያ ጠባብ ነው፤ እኛም ገና ተማሪዎች ነን። ደላላው መጥቶ ዙሪያዋን አይቶ ምክሩን ሰጠን። «ልጆች፣ በጠዋት በብርዱ አሳዩ፤ ከከተማ አታስወጡ፤ ያልተጠየቃችሁትን አትመልሱ» አለን። ተስማማን። ይህን አንደብቅም፤ ሁለታችንም ተስማማን። የሕጉ ተማሪ «ውሉ ላይ ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ ብሎ ይፈርማል» አለ። የኢኮኖሚክሱ ተማሪ «አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ነውር እንዳለባት ገምቶ ነው ዋጋ የሚሰጠው» አለ። ደግሞስ እኛን ማን ነገረን? አባታችን በዝምታ የገዟትን በዝምታ ብንሸጥ ምኑ ላይ ነው በደሉ?

ገዢው ከረቡዕ ገበያ በኩል የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ጎማውን መቱ፣ ሊብሬውን አገላበጡ፣ የከተማውን አደባባይ ሁለት ጊዜ አዞርናቸው። ወደዷት። ቤት ገብተው ቡና ሲቀርብ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው እንዲህ አሉ፦ «ልጄ በየሦስት ወሩ ለሕክምና አዲስ አበባ ትመላለሳለች። አውቶቡሱ አደከማት። መንገዱ ሰላም ሲሆን በራሳችን ብንወርድ ብዬ ነው።»

እኛ መሬት መሬቱን አየን። ደላላው ስለ ዋጋ ማውራት ጀመረ። እናታችን ጀበናውን አስቀምጣ «ወንድሜ፣ ዓባይን የሚወርዱባት ከሆነ ይቺ መኪና አትሆንዎትም» አለች። «ሽቅብ ስትወጣ ትፈላለች። ባለቤቴን ገደል አፋፍ ላይ አሳድራቸዋለች።»

ሽማግሌው ስኒያቸውን አስቀመጡ። ሁለት ሦስት ነገር ጠየቁ፤ መለሰችላቸው። ቡናቸውን እስከ በረካ ጠጥተው፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» ብለው መርቀው ሄዱ። አልገዙም። ደላላው ተሳድቦ ወጣ። እኛም፣ አሁን ስናስበው እናፍራለን፣ እናታችንን ተቆጣናት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለታችንም በየትምህርታችን ለእኛ የሚፈርድ ፈለግን። የሕጉ ተማሪ በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገለጠ። ሕጉ ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ኃላፊ ነው ይላል፤ ይህ ኃላፊነት በውል ሊቀነስ ይችላል፤ ሻጩ ጉድለቱን በተንኮል ሰውሮ እንደሆነ ግን የውሉ ቃል አያድነውም። ስለዚህ «ባለበት ሁኔታ» የምትለው ሐረግ እንዳሰብናት ጋሻ አልነበረችም።

የኢኮኖሚክሱ ተማሪ አሜሪካዊው ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመውን ጽሑፍ አመጣ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2001 ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ጽሑፉ ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ነው፤ አሜሪካኖች ነውረኛ መኪናን «ሎሚ» ይሏታል። እኛ አገር ሎሚ በጥምቀት ለወደዷት ልጅ ይወረወራል፤ እነሱ ዘንድ ገዢ ላይ ነው የሚወረወረው። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ሻጭ ያውቃል፣ ገዢ አያውቅም። ገዢውም መታለልን ስለሚፈራ ለሁሉም መኪና የሚሰጠውን ዋጋ ዝቅ ያደርጋል። በዚህ ዋጋ ደህና መኪና ያለው ሰው አይሸጥም። ስለዚህ ገበያው ላይ የሚቀሩት ነውረኞቹ ናቸው። «ገዢው ገምቶ ነው ዋጋ የሚሰጠው» ያልነው እውነት ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ግምቱን ዝቅ ያደረገው ከእኛ በፊት ዝም ያለው ሻጭ ሁሉ ነው። እኛም ዝም ብንል ኖሮ ከእኛ በኋላ በእውነት የሚሸጠውን ሰው ዋጋ እናሳጣው ነበር።

ክርክሩ ግን ከመኪና በፊት የነበረ ነው። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ የሁለት ፈላስፎችን ሙግት ያነሣል። አንድ ነጋዴ በረሃብ ወደተመታችው ሮድስ ደሴት እህል ይዞ ደረሰ። ሌሎች እህል የጫኑ መርከቦች ከኋላው እንደሚመጡ ያውቃል፤ የሮድስ ሰዎች አያውቁም። ይንገራቸውን? ዲዮጋን የተባለው የባቢሎን ሰው «ሕግ ግለጥ ያለውን ይግለጥ፤ ከዚያ ወዲያ ካልዋሸ በደል የለበትም» ይላል። ተማሪው አንቲፓጥሮስ ግን «ሰው ለሰው ወገኑ ነውና ሁሉን ይንገር» ይላል። ሲሴሮ ከተማሪው ጋር ይቆማል። ደላላችን ይህን መጽሐፍ አላነበበም፤ ቢሆንም ከዲዮጋን ወገን ነው። እኛም እስከዚያ ቀን ድረስ ከዚያው ወገን ነበርን።

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ እንኳ አንድ ነገር አልለቀቀንም። እናታችንን ለምን እንደተናገረች ስንጠይቃት «ነገ ገበያ ባገኛቸው በምን ፊቴ አያቸዋለሁ?» ብላ ነበር። እኛም በልባችን፣ ይህ እኮ ይሉኝታ እንጂ ሥነ ምግባር አይደለም አልን። ሁሉም በሚተዋወቅበት ከተማ ሰው ሳይወድ ጨዋ ይሆናል። የዛሬ ገበያ ግን የማይተዋወቁ ሰዎች ገበያ ነው። አንድ ምሽት ይህንኑ ይዘን ሞገትናት። «ገዢው ከሩቅ አገር የመጣ፣ ሁለተኛ የማታዪው ሰው ቢሆንስ?» አልናት።

«እሱማ ይብሳል» አለች። «የማውቀውን ሰው ብበድለው ይቅር በለኝ እለዋለሁ። የማላውቀውን የት አገኘዋለሁ?»

ይህን በየትኛውም መጽሐፍ አላገኘነውም። እኛ ግዴታ በቅርበት ይጸናል፣ ሰው ሲርቅ ይላላል ብለን ነበር የምናስበው። እሷ ገልብጣ አሳየችን። ለጎረቤት የሚሠራ በደል መመለሻ መንገድ አለው፤ ሽማግሌ አለ፣ ካሳ አለ፣ እርቅ አለ። ለማያውቁት ሰው የሚሠራ በደል ግን የማይከፈል ዕዳ ነው። ለአባታችን ሻይ የጋበዘው ሰው ምናልባት ዛሬ ተጸጽቶ ይሆናል። ቢጸጸት እንኳ አባታችንን አያገኛቸውም።

አንድ ተቃውሞ ይቀራል፤ ከሁሉም የሚከብደውም እሱ ነው። ድኻ እውነት የመናገር አቅም አለውን? እናታችን በአንድ አረፍተ ነገር ያጣችው ገንዘብ ቀላል አይደለም፤ ዘንድሮም ጠቦናል። «እውነት ሁልጊዜ ያተርፋል» ብለን ልንሸነግላችሁ አንፈልግም፤ አላተረፈም። ነገር ግን ዝምታውም ቢሆን በነፃ አልነበረም፤ ከፋዩ ሌላ ሰው ነበር እንጂ። ዋጋው በዳገቱ ላይ በሌሊት፣ ታማ የተኛችውን ልጃቸውን ይዘው በሚቆሙት ሽማግሌ ላይ ይወድቅ ነበር። ድኽነት ብዙ ነገር ያስገድዳል። የራስን ዕዳ በማያውቀው ሰው ትከሻ ላይ የመጫን መብት ግን አይሰጥም፤ የሚጫንበትም ብዙውን ጊዜ ሌላ ድኻ ነውና። ደግሞም ተረቱ እዚህም ይሠራል። «ግዙ ግዙ» ያሉት አሞሌውን እንዳላገዙ ሁሉ፣ «ዝም በሉ፣ ዝም በሉ» የሚሉንም የኅሊናውን ሸክም አያግዙም። ደላላው ኮሚሽኑን ተቀብሎ ይሄዳል።

መኪናዋ እስካሁን ግቢያችን ቆማለች። በመስታወቷ ላይ «ይሸጣል» ከሚለው ሥር «ቴስታታዋ ስንጥቅ አለው፤ ለከተማ እንጂ ለዓባይ አትሆንም» ብለን ጽፈናል። አንዳንዱ አንብቦ ይስቃል። አንድ መካኒክ ግን መጥቶ ለመለዋወጫ ብሎ ዋጋ ጠይቋል፤ ትንሽ ነው፣ እያሰብንበት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ተሳስታችኋል የምትል እንደሆነ፣ በተለይም በዲዮጋን ወገን ቆመህ የምትሟገት እንደሆነ፣ በሚቀጥለው እትም ጻፍልን። አንድ ነገር ብቻ እንለምንሃለን፤ ስትጽፍ ገዢው አንተ እንደሆንክ አድርገህ ጻፍ፤ ከዓባይ ድልድይ ማዶ፣ ዳገቱ እኩሌታ ላይ።