የጸጥታ መስመር የሚስል እጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እኅታችን ቀረብ ብላ ጠየቀችኝ። በምትሠራበት ቤት ሳሎን ውስጥ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ፊደሉ እንደ ውኃ እየተጠማዘዘ የሚፈስ። ማንበብ አትችልም፤ ግን ጠዋት ጠዋት አቧራውን ስታራግፍ ልቧ ያርፋል። «አባቴ፣ ይህን መርጦ የገዛ፣ ይህን እያየ ቡናውን የሚጠጣ ሰው እንዴት እንዲህ ይጮኽብኛል? ውብ ነገር የሚወድ ልብ እንዴት ይጨክናል?» አለችኝ።

ቶሎ አልመለስኩላትም። ገዝቶ መስቀልስ ገንዘብ ያለው ሁሉ ያደርገዋል። እኔን ያሳሰበኝ ያንን ጸጥታ በገዛ እጁ የሚሠራው ሰው ነው። የሠሪው እጅ ስለ ልቡ ይመሰክራል ወይ?

በዚህ ሳስብ የኢራኑ ሚር ሑሴን ሙሳቪ ታሪክ ትዝ አለኝ። የማነሣው በሰው አገር ፖለቲካ ለመፍረድ አይደለም፤ እኛ እንግዶች ነን። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሙሳቪ በ1942 ተወለዱ፤ ሥነ ሕንፃ ተማሩ፤ በወጣትነታቸው በሥዕል ሥራቸው ሑሴን ራህጁ በሚል ስም ይታወቁ ነበር፤ «መንገድ ፈላጊ» ማለት ነው። ሥዕሎቻቸው ጩኸት የለባቸውም፤ የረጋ መስመር ነው የሚታይባቸው።

ይህ ሰው ከ1981 እስከ 1989 የአገራቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ዘመኑ ከሞላ ጎደል ከኢራቅ ጋር የተደረገው የስምንት ዓመት ጦርነት ዘመን ነው፤ ምግብ በኩፖን የሚታደልበት፣ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ያለቀበት። በ1988 ደግሞ፣ ከሐምሌ ጀምሮ፣ በወህኒ ቤቶች በሺዎች የሚቆጠሩ የፖለቲካ እስረኞች ተገደሉ። ትእዛዙ የወጣው ከመሪው ከአያቶላ ኾሜኒ እንጂ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ አይደለም። ነገር ግን በመንግሥቱ ወንበር ላይ የተቀመጡት እሳቸው ነበሩና፣ «ምን ያውቁ ነበር? ለምን ዝም አሉ?» የሚል ጥያቄ ሲከተላቸው ኖሯል።

በ1989 የጠቅላይ ሚኒስትርነቱ ሥልጣን ከሕገ መንግሥቱ ሲሰረዝ ወደ ሥዕላቸውና ወደ ሥነ ሕንፃቸው ተመለሱ፤ የኢራንን የሥነ ጥበብ አካዳሚም መርተዋል። ሃያ ዓመት ገደማ ቆይተው በ2009 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደሩ፤ ተሸነፉ ተባለ፤ ሕዝብ ግን ውጤቱን አልተቀበለምና አደባባይ ወጣ። በየካቲት 2011 ከባለቤታቸው ከዛህራ ራህናቫርድ ጋር፣ እርሳቸውም የሥነ ጥበብ ሰው ናቸው፣ በቤታቸው ውስጥ ታሰሩ፤ እስሩም ከዐሥር ዓመት በላይ ዘለቀ። ለተናገሩት ነገር ዋጋ ከፍለዋል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው።

ታዲያ ስለ ሥዕሎቹ ምን እንበል? አንዱ «ሥዕሉን እዩ፤ ይህን የሚስል ሰው ክፉ ሊሆን አይችልም» ይላል። ሌላው «ጭንብል ነው፤ ደሙን በቀለም ሸፈነው» ይላል። ለእኔ ሁለቱም ፈጥነው የፈረዱ ይመስለኛል።

የእኛን ቁም ጸሐፊ አስቡት። የበግ ወይም የፍየል ቆዳ ተፍቆ፣ ተወጥሮ፣ ብራና ይሆናል፤ ጸሐፊው የመቃ ብዕሩን ቀርጾ፣ ጥቁሩን ቀለም ለንባቡ፣ ቀዩን ለቅዱሳን ስም አዘጋጅቶ ይቀመጣል። እጁ ከተንቀጠቀጠ ገጹ ይበላሻል። ስለዚህ በዚያች ሰዓት ጸጥታው እውነተኛ ነው፤ ማስመሰል አይቻልም። የኢራኑም ሠዓሊ ጸጥታ እንዲሁ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ብሩሹ በእጁ እስካለ ድረስ። እኛ የምንሳሳተው የአንድ ሰዓቱን ጸጥታ የሕይወቱ ሁሉ ምስክር ስናደርገው ነው። ያ ቁም ጸሐፊ ስንት ወር ደክሞ መጽሐፉን ሲጨርስ በመጨረሻው ቅጠል ላይ ምን ይጽፋል? የፊደሉን ውበት አያነሣም። ኃጢአተኛ መሆኑን ተናግሮ፣ የሚያነብ ሁሉ እንዲጸልይለት ይለምናል። ይህን በልጅነቴ ሳነብ ትሕትና ለማሳየት የተጻፈ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ሰውየው እጁን በደንብ ያውቅ ነበር እላለሁ።

ቅዱስ ዳዊትን ደግሞ ተመልከቱ። እርሱም ንጉሥ ነው፤ እርሱም በገና ደርዳሪ ነው። ኦርዮን የሚያስገድለውን ደብዳቤ ለኢዮአብ የጻፈች እጅና በገናውን የምትደረድር እጅ አንዲት ናት። ይባስ ብሎ ደብዳቤውን ያስያዘው ለራሱ ለኦርዮ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሕፃኑ እስኪወለድ ወራት አለፉ፤ በዚያ ሁሉ መካከል በገናውን ስለ መጣሉ መጽሐፍ አይነግረንም። ምናልባት ይደረድር ነበር፤ ዜማውም ያምር ነበር። የዜማው ውበት ግን አላነቃውም። ያነቃው ናታን ነው፤ ስለ ድሃው ሰው በግ በምሳሌ ነግሮት፣ ከዚያ ጣቱን ወደ እርሱ አቀና። ከዚያ በኋላ ነው መዝሙረ ዳዊት ሃምሳ የመጣው። ዛሬም በጸሎታችን የምንደግመው ዜማው ስለሚያምር ብቻ አይደለም፤ ያ ሰው በደሌን አውቃለሁ ብሎ አፉን ስለ ከፈተበት ነው።

መስመር ግን፣ ምንም ቢረጋ፣ የኦርዮን ስም አይጠራም። ሥዕል ንስሐ አይደለም። መከራ መቀበልም ቢሆን በራሱ ንስሐ አይደለም፤ ይህን ስል በታሰሩት ሽማግሌ ላይ እየፈረድኩ አይደለም፤ በልባቸው ያለውን የሚያውቅ አንድ እርሱ ነው። በፊቱ ምን እንዳሉ እኛ አልሰማንም። ግን ያ ጸጥ ያለ መስመር የእናቶቹን ጥያቄ ይመልሳል የሚል ካለ፣ አይመልስም እላለሁ። የሞተ ልጅ ያላት እናት የምትፈልገው ቃል ነው።

ለእኅታችን ይህን ሁሉ አላልኳትም፤ ቀኑ መሽቶ ነበር፣ የምትመለስበት ሰዓትም የተቆረጠ ነው። «ሥዕሉ የሚሰጥሽ ዕረፍት የአንቺ ነው፤ በእሱ ምክንያት አትጥይው። እሱን ግን በሥዕሉ አትለኪው፤ በደልም ካደረሰብሽ ሥዕሉን አይተሽ ዝም አትበይ፤ ንገሪን» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «አባቴ፣ እኔም እኮ እዘምራለሁ፤ ድምፅሽ ያምራል ይሉኛል። አብራኝ ከመጣችው ልጅ ጋር ግን ከፋሲካ ወዲህ ቃል አልተለዋወጥንም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለችና ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። ካርድ አልነበራትም፤ ከእኔ ደወለች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።