ዕጣና መድኃኒት

ዕጣ የሚለው ቃል በብዙ ሰው ዘንድ የዕድል ጨዋታ መስሎ ይታያል። ስለዚህም በሲግናል ሰፈር የሚኖር አንድ ወጣት ጎረቤቴ፣ መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት በነበረበት ዘመን፣ አንድ ቀን ተቆጥቶ መጣና «አባቴ፤ እስቲ ይንገሩኝ፤ የምወስደው መድኃኒት በዕጣ ይለያል ይሉኛል። ሰው ነፍሱን ለዕጣ ይሰጣልን?» ሲል ጠየቀኝ። በዚያን ቀን የሚገባ መልስ አላገኘሁለትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ በሽታ ቀድሞ ይገድሉት በነበሩት መድኃኒቶች የማይበገር ረቂቅ ተሕዋስ የሚያመጣው ነው። በአገራችን ሕክምናው ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ በእንጦጦ ተዳፋት ባለው በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል የተጀመረው በ2001 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ 20 ወርና ከዚያም በላይ ይፈጅ ነበር፤ ከዚህም ውስጥ ብዙ ወራት የመርፌ ነበሩ፤ መርፌውም አንዳንዱን ሰው ጆሮውን እስከ ማደንቆር ይደርስ ነበር። የቀን ሠራተኛ የሆነ ሰው ሁለት ዓመት ያህል አቀበትና ቁልቁለት ሲመላለስ ቤቱ ምን እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል።

ስለዚህ በኢትዮጵያ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በቬትናምና በሞንጎሊያ ከ2004 እስከ 2007 ዓ.ም. 424 በሽተኞች ለአንድ ጥናት ተመዘገቡ። በእኛ አገር ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልና የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተካፈሉበት። ከሦስት በሽተኞች ለሁለቱ ከ9 እስከ 11 ወር የሚፈጀው አዲሱ፣ ለአንዱ ረጅሙ ሕክምና በዕጣ ተደለደለ።

ሐኪም የሚሻለውን ያውቅ የለምን? ይል ይሆናል አንባቢ። እያወቀ ሰውሮ ዕጣ ቢጥል በእውነት በደል ነው። ወታደሮችም በመስቀሉ ሥር በልብስ ላይ ዕጣ ተጣጥለዋል፤ እርሱ ግን የስስት ዕጣ ነው። ሐዋርያት በይሁዳ ፈንታ የሚቆመውን በሻቱ ጊዜ አስቀድመው የተገባቸውን ሁለት ሰዎች፣ ዮሴፍንና ማትያስን፣ አቆሙ፤ የትኛው እንደሚበልጥ ለራሳቸው ማስተዋል አልተዉትም፤ ጸለዩ፤ ከዚያም ዕጣ ጣሉ። የሐኪሙም ዕጣ የሚጸድቀው በዚህ ነው፤ ሁለቱም ሕክምናዎች የተገቡ ሲሆኑና የሚበልጠውን በቅን ልብ «አላውቅም» ሲል፤ ይህንንም ለበሽተኛው ሳይደብቅ ሲነግረው፣ እምቢ ቢልም ሕክምናውን ሳይከለክለው። ራሱ ቢመርጥማ ኖሮ ለጠንካሮቹ አዲሱን ይሰጥ ነበር፤ ኋላም ያዳነው መድኃኒቱ ይሁን የሰውዬው ብርታት ማን ይለየው ነበር? (ሐኪምም ሰው ነውና ዓይኑ ያደላል።)

ውጤቱ በ2011 ዓ.ም. ታተመ። በረጅሙ ከ100 ሰው 80 ያህሉ፣ በአጭሩ 79 ያህሉ በጎ ውጤት አገኙ፤ አጭሩም ከረጅሙ እንደማያንስ ታወቀ። በ2015 ዓ.ም. በታተመው ተከታይ ጥናት ደግሞ መርፌው ቀርቶላቸው የሚዋጥ መድኃኒት ብቻ የወሰዱት በመርፌ ከታከሙት የተሻለ ውጤት አገኙ።

ጎረቤቴ የእኔን መልስ ሳይጠብቅ እሺ ብሎ ነበር፤ የደረሰውም ረጅሙ ነው። ዛሬ ድኖ በታክሲ ውስጥ «መስኮት ክፈቱ» እያለ ሰውን የሚያስቸግረው እርሱ ነው። በቅርብ ጊዜ ከሰፈራችን አንዲት ልጅ በዚያው በሽታ ተይዛ ነበርና ሊጠይቃት ሄደ። «መርፌ አለው?» አላት፤ የለውም አለችው። «ስንት ወር ነው?» አላት። ስትነግረው ዝም ብሎ በጣቱ ቆጠረ።