ወንጀል ይጠቅማልን?

ወንጀል ለሕዝብ ይጠቅማል ቢባል ማን ያምናል? ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ይህን የተናገረው ሽፍታ ወይም ቀልደኛ አይደለም። ኤሚል ዱርካይም የሚባል የፈረንሳይ አገር ሊቅ፥ የሰውን ማኅበራዊ ኑሮ ስለ መመርመር በጻፈውና በ1895 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ባሳተመው መጽሐፉ ነው።

አሳቡ እንዲህ ነው። ወንጀል የሌለበት አገር ከቶ አልታየም። ነዋሪዎቹ ሁሉ ቅዱሳን በሆኑበት ገዳም እንኳ፥ ለእኛ ኢምንት የሚመስለን ጥፋት ትልቅ በደል ሆኖ ይቈጠራል። ሕዝብ በአጥፊው ላይ በአንድነት ሲቈጣ ሕጉ የጋራው መሆኑን ያስታውሳል፤ ተራርቆ የነበረውም ይቀራረባል። አንዳንድ ጊዜም ዛሬ ጥፋተኛ የተባለው የነገውን ሕግ ቀድሞ ያየ ሆኖ ይገኛል፤ ለዚህ ዱርካይም ሶቅራጥስን ይጠቅሳል።

እኔም ባስተማርሁባቸው ዓመታት ይህን በዐይኔ አይቻለሁ። አንድ ተማሪ የጓደኛውን ደብተር ሰርቆ በተያዘ ቀን፥ ሲጣሉ የሰነበቱት ሁሉ ተፋቅረው ይውላሉ፤ ሳይጠየቁም ስለ ታማኝነት ያወራሉ። የግብረ ገብ መምህር አንድ ወር ሙሉ ቢደክም ይህን ያህል አያገኝም።

ነገር ግን የተያዘው ልጅ ሌባ ባይሆንስ? ፍቅሩ ያው ነበር፤ የታማኝነቱም ወሬ ያው ነበር። ሰዎችን የሚያስተባብራቸው አጥፊውን ማግኘታቸው ሳይሆን አገኘነው ብለው ማመናቸው ነውና።

ይህን ለክርክር ያህል የፈጠርሁት አይደለም። መጽሐፉ በታተመበት በዚያው ዓመት መጀመሪያ፥ አልፍሬድ ድሬይፉስ የተባለ አይሁዳዊ የጦር መኰንን ለጀርመን ምስጢር ሰጥተሃል ተብሎ ተፈርዶበት፥ በፓሪስ በአደባባይ ማዕርጉ ተገፈፈ፤ ሰይፉም ተሰበረ። እርሱ ንጹሕ ነኝ እያለ ሲጮኽ ከአጥሩ ውጭ የቆመው ሕዝብ ይሰድበው ነበር። ከዚያም በደቡብ አሜሪካ ጠረፍ ወደምትገኘው የሰይጣን ደሴት ተጋዘ። በደሉ ግን የሌላ መኰንን ነበር።

ታዲያ ዱርካይም፥ እርሱም የአይሁድ ወገን ነው፥ ቍጣው አገርን አንድ አድርጓል ብሎ ዝም አላለም። በ1898 ባወጣው ጽሑፍ፥ ለአንድ ሰው መብት መቆም አገርን አያፈርስም፥ እንዲያውም የዘመኑን ሕዝብ የሚያስተሳስረው ለሰው ልጅ ያለው ክብር ነው ሲል ተከራከረ። በእኔ አስተያየት ከመጀመሪያው መጽሐፍ ይልቅ ይህ አጭር ጽሑፍ ይበልጣል፤ ብዙ መምህራን ግን ፊተኛውን ብቻ ያስተምራሉ።

ወንጀልና ቅጣት በሕዝብ ላይ ምን እንደሚሠሩ መመርመር የሊቅ ተግባር ነው። ዳኛ ግን የሚጠይቀው «ቅጣቱ ሕዝቡን ያስተባብራልን?» ብሎ ሳይሆን «ሰውየው አድርጎታልን?» ብሎ ነው። በ1899 በሬን ከተማ ድሬይፉስን እንደገና የዳኙት መኰንኖች፥ በእርሱ ላይ ከቀረቡት ወረቀቶች አንዱ በሐሰት የተሠራ መሆኑ አስቀድሞ የታወቀ ሲሆን፥ ሁለተኛ ፈረዱበት። ብዙም ሳይቈይ በምሕረት ተለቀቀ፤ ንጹሕነቱ በፍርድ ቤት የታወጀለት ግን በ1906 ነው።