ምሰሶ ተደግፎ ማደር

ታላቅ እህቴ፣ እታለም የምንላት፣ በመጨረሻው ዓመቷ ተኝታ አላደረችም። አርብ ገበያ ባለው ቤታችን ጋቢዋን ጠቅልላ ከወገቧ ታደርግና ምሰሶውን ተደግፋ ቁጭ እንዳለች ታነጋለች። «ስጋደም ያፍነኛል» ትላለች። አንዳንድ ሌሊት ትባንንና በሩን ከፍታ ደጅ ትቆማለች፤ ተቀምጣ ስትቆይ ቀለል ይላታል። ሦስት ጊዜ ወደ ሕክምና ይዣት ሄድኩ። ሦስቱንም ጊዜ የተነገራት አንድ ነው፦ «እትዬ፣ ምንም የለብዎትም፤ ጭንቀት ነው። አያስቡ።» ባሕር ዳር ደርሳ በኢኮ፣ በልብ አልትራሳውንድ፣ ስትታይ በግራ በኩል ያለው የልቧ በር ጠቦ ተገኘ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ቆየች። በጥቅምት 2016 ቀበርናት።

አርባዋን ባወጣን ሰሞን እኔንም ትንፋሽ አጠረኝ። በማስተምርበት ክፍል ውስጥ ጠመኔ እንደያዝኩ አየሩ ከደረቴ አልወርድ ይላል፤ ደጋግሜ በረጅሙ እተነፍሳለሁ፤ ከንፈሬ ይደነዝዛል፤ ጣቶቼ ይኮማተራሉ። እኔም ተመረመርኩ፦ ራጅ፣ ኢሲጂ፣ ኢኮ፣ ደም። ሁሉም ደህና ነው አሉኝ። ሐኪሙ እርሳሱን አስቀምጦ «ጭንቀት ነው» አለኝ።

ያው ቃል። እህቴን የቀበረ ቃል ለእኔ እንዴት እውነት ይሆናል? ወራት ይህን ሳወጣና ሳወርድ ከረምኩ።

ለእታለም ሕመም የተሰጠውን ሌላ ምክንያት ሁሉ ቶሎ ተሻገርኩት። የኔታ ልክፍት ነው ብለው ነበር፤ ጭንቀትማ የእምነት ማነስ ነው ሲሉ በልጅነቴ ሰምቻለሁ፤ እታለም ግን ጾም የማትሽር፣ ቅዳሴ የማታስታጉል ሴት ነበረች። ሌላው ሰው ደግሞ «የደጋ አየር ስስ ስለሆነ ነው» አላት። ይህንም አልቀበልም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት በሰሜን ተራሮች፣ በአምባራስ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎች በደማቸው ያለው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚኖሩት ብዙም እንደማያንስ አሳይቷል። ተወልዳ ያደገችበት አየር በአርባ ዓመቷ ድንገት አይከዳትም።

የምናደደው ግን በአስተማሪዎቼ ነው። የልብን ሥዕል በአራት ክፍል ከፍዬ፣ ቀይና ሰማያዊ ቀብቼ አሥር ከአሥር አግኝቻለሁ። ዛሬ ራሴም ያንኑ ሥዕል ሰሌዳ ላይ እሥላለሁ። የጉሮሮ ሕመም ልብ ድረስ እንደሚዘልቅ ግን የነገረኝ አንድም አስተማሪ የለም። እታለም ልጅ ሆና ጉሮሮዋን ደጋግሞ ሲያማት «እንጥሏ ወረደ» ተብሎ ተቆረጠላት። የሚያስፈልጋት ፔኒሲሊን ነበር። ጉሮሮን የሚያሳምም አንድ ዓይነት ተሕዋስ በጊዜው ካልታከመ፣ እርሱን ሊዋጋ የተነሣው የሰውነት መከላከያ የገዛ ልብን በሮች ሊያቆስል ይችላል፤ ጠባሳው ዓመታት ቆይቶ በሩን ያጠበዋል። በጊዜው የታወቀለት ሰው በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ በሚወጋ መርፌ ይጠበቃል። ያልታወቀለት ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። ዶ/ር በላይ አበጋዝ ያቋቋሙት፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ወረፋው በሺዎች የሚቆጠር ነው፤ ያውም ለልጆች።

አሁን እንቅልፍ ወደ ነሣኝ ነገር ልምጣ። እታለምን «ጭንቀት ነው» ያላት የጤና ባለሙያ ማስረጃ ነበረው። እታለም የሚብስባት ስትደነግጥ ነው። ከነሐሴ 2015 ወዲህ፣ በግጭቱ ምክንያት መንገዱ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ተኩስ በተሰማ ቁጥር ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ ላብ ያጠምቃታል፣ «ልሞት ነው» ትላለች። «አየህ፣ ድንጋጤ ነው የሚያመጣባት» አለኝ፤ እኔም አመንኩት። ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ ማመኔ ነው። እውነቱንም ነበርና፤ ድንጋጤ ያመጣባት ነበር! ታዲያ የት ላይ ተሳሳተ?

መልሱን ያገኘሁት የልብን አሠራር እንደገና ሳነብ ነው። ከሳንባ የመጣው ደም በዚያ በግራ በኩል ባለው በር የሚያልፈው በሁለት ምት መካከል፣ ልብ በሚያርፍባት ቅጽበት ነው። በሩ ከጠበበ ደሙ ለማለፍ ረዘም ያለ ጊዜ ይሻል። ሰው ሲደነግጥ ልቡ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ደግሞ የምታጥረው ያቺው የዕረፍት ቅጽበት ናት። ያላለፈው ደም ሳንባ ላይ ይቆለላል፤ ውኃው ይሰርጋል፤ ሰውየው ይታፈናል። እንግዲህ ድንጋጤውና የጠበበው በር ሁለት የተለያዩ ነገሮች አልነበሩም። ተኩሱ አስደነገጣት፣ ድንጋጤው ልቧን አስሮጠው፣ በሩ አላሳልፍ አለ። ባለሙያው የመጀመሪያውን ይዞ የመጨረሻውን ተወው። ማዳመጫውን በቀሚሷ ላይ አሳርፎ ወዲያው አነሣው። የዚያ በር ድምፅ ዝቅ ያለ ነው፤ በሽተኛዋን በግራ ጎኗ አስተኝቶ፣ ራቁት ደረቷ ላይ በጥሞና የሚያደምጥ ጆሮ ይሻል። በር ላይ ሰልፍ ነበረ፤ ይህን አልክድም። ግን «ስንት ትራስ ትደገፊያለሽ?» ብሎ ከመጠየቅ ሰልፍ አይከለክልም። ስትጋደም የሚያፍናት፣ እግሯ የሚያብጥ፣ ውኃ ቀድታ ዳገት ስትወጣ ሦስቴ የምታርፍ ሴት ድንጋጤ ስላለባት ብቻ አትሸኝም።

ወደ ራሴ ስመለስ ነገሩ ተገለበጠ። እኔ ዳገት ስወጣ ምንም አልሆንም። ተጋድሜ አድራለሁ። የሚመጣብኝ ስቀመጥ ነው። አንድ ቀን በሬን ዘግቼ፣ ምርመራዬ ደህና ነውና ደፍሬ፣ ሆን ብዬ ቶሎ ቶሎ ተነፈስኩ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ከንፈሬ ደነዘዘ፤ ጣቶቼ ተኮማተሩ። ከልክ በላይ ሲተነፈስ በደም ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ መደንዘዙን የሚያመጣው መቀነሱ ነው። ልሞት ነው የሚለው ፍርሃት ግን አልመጣም። ስለዚህ ግማሹን ብቻ አረጋገጥኩ። ደግሞስ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መቀነስ የሥጋ ነገር አይደለም? ዳ ኮስታ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ 300 ያህል ወታደሮችን አይቶ እ.ኤ.አ. በ1871 ጻፈ፦ ልባቸው ይደልቃል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ የልብ ጉዳት ግን አይገኝም። እርሱ የልብ ቁጣ ብሎ ሰየመው፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት የነርቭ አሉት። ስሙ ከሥጋ ወደ ነፍስ ሲዘዋወር ሰዎቹ መተንፈስ እንዳቃታቸው ነበሩ።

ስለዚህ «ጭንቀት» የሚለውን የምቀበለው ከተመረመርኩ በኋላ ስለተባለ ነው። ለእርሷ የተባለው በምርመራ ፋንታ ነበር። ልዩነቱ ይህ ይመስለኛል። ይመስለኛል እላለሁ እንጂ አልምልም፤ ኢኮውም የሚያሳየው ያየውን ነው፣ ያውም በዚያች ቀን። ሲመጣብኝ አሁን ቁጭ ብዬ ትንፋሼን በዝግታ አወጣለሁ፤ ብዙ ጊዜ ይለቀኛል። እግሬ ያበጠ ወይም መጋደም ያቃተኝ ቀን ግን ማንም «አያስቡ» ቢለኝ ከወንበሩ አልነሣም።

የሰጡኝ ወረቀት ላይ «ጭንቀት» ተብሎ ተጽፏል። ከጎኑ በእርሳስ «እስካሁን» ብዬ ጨምሬበታለሁ።