ትከሻ ይሣላል?

ዱከም ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ የናዝሬት መንገደኛም ጥሬ ሥጋ ሳይቀምስ እምብዛም አያልፋትም። ከሥጋ ቤቶቿ በአንዱ ግድግዳ ላይ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ እስክስታ ሲወርዱ ተሥለዋል፤ ትከሻቸው ሽቅብ እንደተሰቀለ፣ አንገታቸው እንደተቀለሰ ቀርቷል። ከሥራቸው ተመጋቢው ድምፅ ማጉያው በሚያሰማው ዘፈን ትከሻውን ይሰብቃል። ሥዕሉን ቀና ብሎ የሚያየው የለም።

ጥርጣሬዬ የተነሣው ከዚህ ነው። ሥዕልና ጭፈራ በእርግጥ ይፈላለጋሉ? ወይስ ሥዕል ሰርጉ ካለቀ በኋላ የሚደርስ እንግዳ ነው? እስክስታ ያለው በምቱ ውስጥ ነው፤ አንድ ጊዜ ከፍ ያለ ትከሻ ብቻውን እስክስታ አይባልም። ብርድ የያዘው ሰውም ትከሻው እንዲሁ ነው።

ግን የቅዱስ ያሬድ ሥዕል አለ። ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም የንጉሡ ጦር እግሩን ወግቶታል፤ ደሙ ይፈሳል፣ ሁለቱም ግን አላወቁም። ዙሪያውን መቋሚያ፣ ጸናጽልና ከበሮ የያዙ ካህናት ይታያሉ። ዝማሜ ያየ ሰው መቋሚያው ከወዲያ ወዲህ ሲል ያውቀዋል፤ ሠዓሊው ግን እሱን አላሳደደም። ከመሬት የተጣበቀችውን አንዲት እግር መረጠ፤ እሷ ስትቆም ሌላው ሁሉ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። እንዲህ ከሆነ የሥጋ ቤቱ ሥዕል ያቃተው መሣል ሳይሆን መምረጥ ነው ልል ነበር።

ይህም አላሳረፈኝም። የያሬድን ታሪክ ለማያውቅ ሰው ሥዕሉ የተወጋ እግር ብቻ ነው። የሥዕልና የጭፈራ ዝምድናው ከታሪኩ እንጂ ከእንቅስቃሴው አልመጣም።

ስለዚህ ሌላ ቦታ ፈለግሁ። ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ ሲከበር ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሕዝብ በዱከም በኩል ይጎርፋል። ከልጃገረዶቹ ብዙዎቹ አንገታቸውና ግንባራቸው ላይ ጨሌ አለ። በሸዋ ኦሮሞ ጭፈራ አንገት ብዙ ይሠራል። አንገቱ ወደ ቀኝ ሲሄድ ጨሌው ለቅጽበት ይዘገይና ይከተላል፤ አንገቱ ሲመለስ ጨሌው ገና እየሄደ ነው። ዓይን አንዱን ምት ሁለት አድርጎ ያያል። ጨሌውን የሰካችው ሴት ቀለሙን ብቻ አልመረጠችም፤ ርዝመቱንና ክብደቱንም መዝናለች። ምስማር ላይ ሲሰቀል ግማሽ ሥራ ነው። ወገብ ላይ የሚታሰር ነጠላም እንዲሁ ነው፤ ጥበቡ ጫፉ ላይ በመዋሉ ወገቡ የት እንደዞረ ከሩቅ ይለያል።

(ከዱከም አለፍ ብሎ፣ ቢሾፍቱ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ያረፉት ሠዓሊ ለማ ጉያ በፍየል ቆዳ ላይ ይሥሉ ነበር። ከበሮም ቆዳ ነው። በዚህ ብቻ ዘመድ ናቸው ማለት ግን ድፍረት ይሆንብኛል።)

መድረክ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። አዲስ አበባ ውስጥ አዱኛ በተባለው የውዝዋዜ ቡድን ያደገው ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 እና 2005 በሮሌክስ የሥነ ጥበብ መርሐ ግብር የጃፓናዊው ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ደቀ መዝሙር ሆኖ ነበር። ቴሺጋዋራ የሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ዓይነት ጥበባትንም ባሌንም የተማረ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ካራስ የተባለ ቡድን ካቋቋመ ወዲህ የመድረኩን ገጽታ፣ መብራቱንና አልባሳቱን ራሱ ይነድፋል። ለእሱ ብርሃን የሚወድቅበት ቦታና እጅ የሚዘረጋበት ቦታ አብረው ይወሰናሉ።

የእኛ የባህል ምሽት ቤቶች ልማድ ከዚህ የተለየ ነው። ከተወዛዋዦቹ ጀርባ ብዙ ጊዜ የፋሲል ግንብ ወይም ላሊበላ ተሥሎ ይቆያል፤ ትከሻው የጎንደር ይሁን የወሎ፣ ግድግዳው አይለወጥም። የሚበጀው የቴሺጋዋራ መንገድ ነው እንዳልል፣ እዚያ ሠዓሊውም ተወዛዋዡም አንድ ሰው ነው፤ ከራሱ ጋር ለመስማማት ብዙ አይቸገርም። ጨሌ ሰኪዋ ግን የማን አንገት እንደሚያጠልቀው ሳታውቅ ነው የመዘነችው። እኔ ወደ እሷ አደላለሁ፤ የመድረክ ሠዓሊ ግድግዳውን ከመቀባቱ በፊት ልምምድ ቢያይ ከእሷ የሚማረው አለና።