ከአፍ የተመለሰው ዝንብ

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላሉ አበው። ንባቡ ግልጽ ነው፤ አፉን ያለ ልክ የከፈተ ሰው ያልፈለገው ርኩስ ነገር ይገባበታል፣ የገጠመ ግን ይድናል ማለት ነው። ምሥጢሩ ሲተረጎም ደግሞ ዝንቡ ሐሜት፣ ሙግትና ጸጸት ነው፤ ቅኔ በሚዘረፍበት በምሥራቅ ጎጃም፣ አንዲት ቃል ሰምና ወርቅ ተበጅቶላት ከደብር ደብር በምትዞርበት አገር፣ ይህ ምክር ብዙ ሰው ከዳኛ ፊት ከመቆምና ደም ከመቃባት እንዳዳነ አልጠራጠርም።

ይሁን እንጂ በቢቸናና በሞጣ ይህ ተረት አጥብቆ የሚጠበቀው በአደባባይ ሳይሆን በቤት ውስጥ፣ ያውም ልጅ ስለ ገላውና ስለ ፍቅር ሊጠይቅ አፉን ባሞጠሞጠበት ሰዓት ነው። ሴት ልጅ የመጀመሪያውን የወር አበባ ባየች ቀን የተጎዳች መስሏት ከእናቷ ትሸሸጋለች፤ እናትም ባወቀች ጊዜ ጨርቅ ታቀብላታለች እንጂ ቃል አታቀብላትም። ጎረምሳውም ድምፁ ሲጎረንን አባቱ የሥራ ድርሻውን ይጨምርለታል እንጂ በሰውነቱ የመጣው ለውጥ ምን እንደ ሆነ አይነግረውም።

ለቀደሙት ወላጆቻችን በቅን እንፍረድ ከተባለ፣ ዝምታቸው ምክንያት ነበረው። ሴት ልጅ ጡቷ ሳያጎጠጉጥ በሽማግሌ ታጭታ ትዳር ትገባ ስለ ነበር፣ በልጅነትና በትዳር መካከል ጥያቄ የሚወለድበት ዘመን አልነበረም። ግን ያ ዝምታ ዋጋ አስከፍሏል፤ አጥንቷ ሳይጠና ያረገዘች ልጅ ምጥ ለቀናት ሲጸናባት ፌስቱላ ይዟት፣ ሽንቷን መቆጣጠር ተስኗት፣ ከሰው ተለይታ በጎጆ ጥግ ትቀመጥ ነበር። በ1951 ወደ አዲስ አበባ የመጡት ዶክተር ካትሪንና ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን በመሠረቱት የፌስቱላ ሆስፒታልና ኋላ በባሕር ዳር በተተከለው ቅርንጫፉ የታከሙት ሴቶች፣ የዚያ ዝምታ ምስክሮች ናቸው።

ሕጉም ተለውጧል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15፣ ለወንድ 18 ዓመት ያደረገውን የጋብቻ ዕድሜ፣ በ1995 የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አድርጎታል። እንግዲህ በልጅነትና በትዳር መካከል አባቶቻችን የማያውቁት ሰፊ ሜዳ ተከፍቷል፤ በዚያም ሜዳ ልጆቻችን ብቻቸውን ይሄዳሉ። ከገጠር ወጥታ በቢቸና ወይም በሞጣ ሁለተኛ ደረጃ የምትማር የ15 ዓመት ልጅ ከጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ አባቷ ጤፉንና በርበሬውን በአህያ ጭኖ ያደርስላታል፣ ሲሰናበታትም «አንገትሽን ደፍተሽ ተማሪ» ይላታል። ስንቁ ሙሉ ነው፤ ምክሩ ግን አንገት ከመድፋት አያልፍም። በዚያው ሳምንት አንድ ጎረምሳ «እወድሻለሁ» ቢላት፣ በስልክም ሊታይ የማይገባ ሥዕል ቢያሳያት፣ ለዚህ የተሰነቀላት ቃል የለም።

እዚህ ላይ ተረቱ ይፈተናል። ከአባት አፍ የተመለሰው ዝንብ ከቤት አይወጣም፤ የሕፃኑ ዓይን ላይ ያርፋል። ይህን የምለው በምሳሌ ብቻ አይደለም፤ ክልላችንን ክፉኛ ያጠቃው ትራኮማ ከአንዱ ሕፃን ዓይን ወደ ሌላው የሚዛመተው አንድም በዝንብ ነው። ጤና ባለሙያዎችም እናቶችን የሚመክሩት «አፋችሁን ግጠሙ» ብለው ሳይሆን «የልጆቻችሁን ፊት እጠቡ» ብለው ነው። ተረቱ የተናጋሪውን አፍ ይጠብቃል፤ የልጁን ዓይን የሚጠብቀው ግን የወላጅ ቃል ነው።

«ነውር ነው» የሚል ቢኖር፣ ዲማ ጊዮርጊስንና መርጡለ ማርያምን የመሰሉ አድባራት ባሉበት አገር መልስ አይጠፋም። ኦሪት ዘሌዋውያንን የሚያስተረጉም መምህር ስለ ሴት ልማድና ስለ ወንድ ዘር በደቀ መዛሙርቱ ፊት ያለ ሐፍረት ያብራራል። በመጽሐፈ ምሳሌ ከምዕራፍ 5 እስከ 7 አባት ልጁን ከዝሙት ወጥመድ ፊት ለፊት ያስጠነቅቀዋል፤ በምዕራፍ 31 ደግሞ ንጉሥ ልሙኤልን ስለ ሴትና ስለ ወይን የመከረችው እናቱ ናት። በጉባኤ ቤት ያልነወረ ነገር በምድጃ ዳር ስለምን ይነውራል?

እናት ሹሩባ ስትሠራ፣ አባት ከልጁ ጋር አውድማ ሲጠብቅ፣ እጅ ሥራ ይዞ ዓይንም ከዓይን ሳይጋጠም ይነጋገሩ። ፍትወት ከተፈጥሮ እንደ ሆነ፣ እርግዝና እንዴት እንደሚመጣ፣ ፍቅር እንደማያስገድድ፣ የሴት ልጅ «እምቢ» ሊከበር እንደሚገባ፣ ስተው ቢገኙ እንኳ የአባታቸው በር እንደማይዘጋባቸው ይንገሯቸው። ሰሙን ለቅኔ ትተው ወርቁን ይስጧቸው።

ይህን ስል ተረቱን መሻሬ አይደለም፤ ስፍራውን መፈለጌ ነው። ልጅ እኛን አምኖ የልቡን የገለጠልን ቀን፣ ያን ምሥጢር ለቡና ጠጪው፣ ለማኅበርተኛው፣ ለዘመድ እንኳ ሳናወጣ በልባችን ልንሸሽገው ይገባል። አፍ ዝም ሊል የሚገባው ያን ጊዜ ነው።