ጥር ላይ ያያችሁት ፈረስ

ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ሐምሌ ነው፤ እዚህ ጅቡቲ ካምሲኑ ሲነሳ ላባችን ሳይወርድ ይደርቃል። አገራችን እንጅባራ ግን በዚሁ ሰዓት ሰማዩ ተቀዶ ነው የሚውለው። የምንዘነጋውም ይኼንኑ ነው፤ እኛን ፀሐይ ሲያቃጥለን የአገራችን ፈረስ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ያድራል።

ከመካከላችሁ ወደቡ ላይ ሸክም ተሸክሞ ባገኘው ገንዘብ ለአባቱ ፈረስ የገዛ አለ። ይባረክ። ፎቶውን ታሳዩኛላችሁ፦ ጥር 23 ቀን፣ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ላይ፣ ፈረሱ ተሸልሞ። ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የዘለቀ ማኅበር ነው፤ የዓድዋን ፈረሶች ውለታ የሚዘክር፣ የሚያኮራ። ግን ጥር ላይ የማያምር ፈረስ አለ? የፈረስ ባለቤት የሚታወቀው ነሐሴ ላይ ነው። ከዚህ ሆኖ ፎቶ ማየት ብቻ ከሆነማ፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው።

በኅዳር 2012 ጎርፍ ይህችን ከተማ ሲያጥለቀልቅ፣ የሁለት ዓመት ዝናብ በአንድ ቀን ወረደ ሲባል፣ ታስታውሳላችሁ? ውሃ ውስጥ ስንመላለስ ሰንብተን የእግራችን ጣት መሐል ነጥቶ፣ ረስርሶ ተሰነጣጠቀ። የፈረስም እግር እንዲሁ ነው። ከሰኮናው በላይ፣ ከኋላ በኩል ያለው እጥፋት ሲርስ ከሰነበተ ቆዳው ይላላል፣ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ተሕዋስ ይገባል። ከተሕዋሶቹ አንዱ በፈረንጆች 1915 በኮንጎ ከብቶች ላይ ተለይቶ የታወቀው ደርማቶፊለስ ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ ይነቃል። ከዚያ ቅርፊት፣ መግል፣ እብጠት፣ በመጨረሻም ማነከስ። እግሩ ነጭ የሆነ ፈረስ ይበልጥ ይጠቃል፤ ጠጉሩ የበዛም እርጥበቱን አምቆ ይይዛል።

እኔ በልጅነቴ በፍቅር ነበር ያጠፋሁት። ማታ ማታ የአባቴን ፈረስ እግር በውሃ አጥብ ነበር፤ ሳላደርቀው እተኛለሁ። ቅርፊት ሲያወጣ ደግሞ በጥፍሬ ገሽልጬ አነሳሁት፤ ደሙ ወረደ፣ ፈረሱ ረገጠኝ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ ያ ጅብ እኔ ነበርሁ። አባቴ አልተቆጡኝም። በማግስቱ ጭቃውን በፈረሱ እግር ላይ እንዳለ ትተው በደረቅ ቦታ አሰሩት፤ ሲደርቅ በለሰለሰ ገለባ እያሹ አራገፉት። ጭቃ ደርቆ ሲራገፍ ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው እርጥበቱ ሲያድር ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ስትልኩ ለጌጥ ብቻ አትላኩ፤ ጋጣው ከፍ ብሎ ውሃው የሚወርድበት ቦይ ይቆፈርለት፤ ደረቅ ገለባ ይነጠፍለት። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለጋጣም ይሆናል። ንጹሕና ደረቅ እግር ላይ ማለዳ ቫዝሊን መቀባት ውሃውን ይመልሳል፤ በእርጥብ ቁስል ላይ ግን ከቀቡት እርጥበቱን ዘግቶ ያስቀራል።

ቁስሉ ከወጣ፣ ጠጉሩ በጥንቃቄ ይቆረጥ። ቅርፊቱ በለብ ያለ ውሃና በቀጠነ አዮዲን ይርሰርስ፤ ፈቅዶ የሚነሳው ይነሳ፣ እምቢ ያለው ለነገ ይቆይ። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ እስኪደርቅ ማበስ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀቡም አሉ፤ ተዉ በሏቸው፣ ቆዳውን ይበላዋል። ያበሱበት ጨርቅ ለሌላ ፈረስ አይሁን፣ እጃቸውንም ይታጠቡ፤ በሽታው ሰውንም አልፎ አልፎ ይይዛልና። እግሩ ካበጠ ወይም ካነከሰ ግን የእንስሳት ሐኪም ይጠራ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። እስኪሽርም ሥራ ይቅርለት፤ ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ስንል፣ ለማድረስም እግር ያስፈልገዋል።

ዛሬ ማታ ስትደውሉ «ፈረሱ ደህና ነው?» አትበሉ፤ ደህና ነው ይሏችኋል። «አባባ፣ የኋላ እግሩን ያንሱልኝና ከሰኮናው በላይ ጣትዎን ያሳርፉበት፤ ይሻክራል? ይሞቃል? ርሷል?» በሏቸው። ሄደው እስኪመለሱ ስልኩን አትዝጉ።